አንደበቱ የሰላ ሰው

ኡበይደላን በመልኩ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ረጅም ነው ወይስ መካከለኛ፣ ጢሙን ያሳድጋል ወይስ ይላጫል ብላችሁ በአዳማ መነኸሪያ ብትጠይቁ፣ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት መልስ ይሰጣችኋል። ከተናገረው አንዲቱን ንገሩን ብትሉ ግን ሻይ የምታፈላዋም፣ ሹፌሩም፣ ረዳቱም እኩል አፋቸውን ይከፍታሉ።

ተራ አስከባሪ ነበር። ተራ አስከባሪ ዱላ አይዝም፤ ቢይዝም ሹፌር ዱላ አይፈራም። ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ከቆመው ሚኒባስ ቀድሞ ሊጭን የሚሻ ሰው በየማለዳው አይጠፋም፤ አንዱ ዘመድ አለኝ ይላል፣ አንዱ በሽተኛ አሳፍሬያለሁ ይላል፣ አንዱ ዝም ብሎ መኪናውን ያስገባል። ኡበይደላ ወደ መኪናው መስኮት ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ "አንተ፣ እናትህ ዘጠኝ ወር ሙሉ ተራ ጠብቃ ነው የወለደችህ፤ ዛሬ ምን አስቸኮለህ?" ይላል። በዙሪያው ያለው ሁሉ ይስቃል። ሹፌሩ ማርሹን ወደ ኋላ ያስገባል። ከዚህ ሌላ ሕግ በዚያ ሰልፍ ላይ አልነበረም ማለት ይቻላል።

"የሰላ" የሚለውን ቅጽል የሰጠው ዘመን ነው። ኡበይደላ በአሰላ መስመር ረዳት በነበረበት በደርግ ጊዜ፣ በአንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ካድሬው ብድግ ብሎ "ጓዶች፣ ዛሬ የሰላ ሂስ ነው የምንፈልገው" አለ። ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። ኡበይደላ ያኔ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ልጅ ነው፤ እጁን አወጣ። "ጓድ፣ ጥያቄ አለኝ። የስኳሩ ሰልፍ የሚጀምረው ከፊት በር ነው ወይስ ከጓሮ?" አለ። ካድሬው ቀድሞ አጨበጨበ። "ይኸው! የሰላ ሂስ ማለት ይህ ነው!" አለ። በጓሮ ከሚወጣው ስኳር ግማሹ ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ትዝ ሲለው ግን ጭብጨባው በመሀል ቆመ። ከዚያ በኋላ የኡበይደላ እናት ለብዙ ጊዜ ሻያቸውን ያለ ስኳር ጠጡ። ስኳሩ ቀረ፣ ቅጽሉ ግን አልቀረም፤ ሰፈሩ ልጁን "የሰላው" ብሎ ያዘው።

እንዲህ ያለ ቃል ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም። ቃል እንደ ሳንቲም ነው፤ ሰው ፊቱን ሳያይ ይቀባበለዋል። ይህኛው ቃል የመጣው ከቢላ ነው። ብረት ስል ሆኖ አይወለድም፤ ሰው ይዞ ይስለዋል፣ እሱም ይሳላል፣ ከዚያ በኋላ ነው "ሰላ" የሚባለው። ድንጋዩ ላይ በተመላለሰ ቁጥር ከብረቱ የሚቀነስ አለ፤ በውሃው ውስጥ እንደ ጥቁር ጭቃ ሆኖ የሚወርደው እሱ ነው። ስለት በብረት ላይ የሚጨመር ነገር አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ተወስዶለት የሚቀረው ነው። እኛ ቅጽሉን ለንግግር ስንዋሰው ግን መቁረጡን ብቻ ወስደን መጉደሉን እዚያው ትተነዋል። ስለዚህ "አንደበቱ የሰላ" ስንል የሚታየን ደም ነው።

ኡበይደላም ለብዙ ዘመን ሌላ ነገር አልታየውም። ቃሉን ተናግሮ ሰው ሲስቅለት፣ የተቆረጠው ሰው ወዴት እንደሄደ ዞሮ አይቶ አያውቅም። ከተቆረጡት አንዱ ራህመቶ ነው። ራህመቶ የደራ ሽንኩርት ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ወደ ደራ ሊመለስ ሲል ያልተሸጠለትን ሽንኩርት ሚኒባስ ውስጥ አስገብቶ ሦስት ወንበር ያዘና፣ ለራሱ ወንበር ግን ሙሉ ዋጋ አልከፍልም ብሎ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጨቀ። ኡበይደላ ደረሰ። ግራ ቀኙን ሰማና "እንግዲያው ሽንኩርቱ ይቀመጥ፤ ራህመቶ ይጫን" ብሎ ፈረደ። ያቺ ቃል ከሰውየው ቀድማ ደራ ገባች። ገበያ ላይ "ራህመቶ ይጫን" ማለት እንደ ሰላምታ ሆነ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይሰሟት ነበር።

ካቻምና በበጋው ወራት፣ ገና ፀሐዩ ሳይጠነክር፣ ኡበይደላ የወለንጪቲን ሰልፍ እያስተካከለ እያለ ቀኝ እግሩ ከዳው። ሰክሮ የማያውቀውን ሰው ሰክሮ ነው ብለው የሳቁ ነበሩ። አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዶ ሲያዩ ሳቁን ትተው አንስተው ወሰዱት።

ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና ንግግሩ ተጎዱ። ሐኪሙ ለባለቤቱ ለዘሃራ ሲያስረዳት፣ የሚሰማውን ሁሉ ይረዳል፣ ሊል የሚፈልገውንም ያውቃል፣ ከሐሳቡ ወደ አፉ የሚወስደው መንገድ ነው የተበላሸው አላት። መንገድ መበላሸቱን ኡበይደላም አልጋው ላይ ሆኖ ሰማ። መንገድ እንኳ ያውቅ ነበር።

የመጀመሪያ ቃሉን ያወጣው ዘሃራ ግንባሩን በእርጥብ ፎጣ ስታብስለት ነው። ስሟን ሊጠራ ፈለገ። ስሟ ጭንቅላቱ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። አፉን ከፈተና በዚያ መነኸሪያ በሚያውቀው ድምፁ "አሰላ! አሰላ! የሞላ አሰላ!" አለ። ነርሷ ፊቷን አዞረች። ዘሃራ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ፎጣውን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

"ይህን ሁሉ ዘመን ሚስትህ ሆኜ ትራንስፖርት ትጠራብኛለህ?" አለችው።

ሐኪሙ ይህ የተለመደ ነው አለ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሳያስብ የደጋገመው ነገር፣ ዱዓም ይሁን ዘፈን ወይም ቁጥር፣ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይተርፋል፤ አዲስ አስቦ መናገር ነው የሚከብደው። ኡበይደላ ይህንንም ሰማ። ሳያስብ የተናገረው ተርፎለት፣ አስቦ የሚናገረው ነበር የተወሰደበት።

ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ከሕመሙ ይልቅ ያቃጠለው የሰው ደግነት ነው። ከመነኸሪያ የሚመጡት ልጆች ወደውት ነው የሚመጡት፤ ሙዝ ይዘው፣ ጭማቂ ይዘው። ግን የሚሠሩበት ቦታ ጆሮና አፍ የሚሽቀዳደምበት ቦታ ነው። እዚያ አንዱ "ወ" ካለ ሌላው "ለንጪቲ!" ብሎ ይጨርሳል፤ መኪና የሚሞላው እንዲህ ነው። ኡበይደላ አፉን ሲከፍት እነሱም እንደለመዱት አፉ ላይ ይዘምቱበት ነበር። "ው..." ሲል አንዱ "ውሃ!"፣ ሌላው "ውጭ መውጣት ፈልገው ነው!"፣ ሌላው "ውጋት ያዛቸው እንዴ?" ይላል። እሱ ሊል የነበረው "ውሸታም" ነበር፤ ሰልፉ ያለ እርስዎም ደህና ነው ላለው ልጅ። ተሳስቀው ውሃ ያጠጡታል። ጠጥቶ ይተዋል።

ከሁሉ የምትብሰው አንድያ ልጁ ሱሃይላ ናት። ሱሃይላ ጆሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ በእሱ ድምፅ የተቀረጸ ስለሆነ ስትገምት ትክክል ትገምታለች። ከመጀመሪያው ፊደል ተነስታ ዓረፍተ ነገሩን እስከ ነጥቡ ትጨርስለታለች፤ ቀልዱን ሳይቀር። ሌሎቹ ሲስቱ ይናደዳል፤ እሷ ስታገኘው ግን የሚናደድበት እንኳ ያጣል። ልጅ አባቷን በፍቅር አፉን ስትቀማው ምን ይባላል?

ኡበይደላ አንድ የደበቀው ምኞት ነበረው። ሱሃይላ ከተወለደች ጀምሮ የኒካህዋን ቀን ያስበው ነበር። በእስልምናው ሥርዓት ልጁን ለባሏ የሚሰጠው ወልዩ፣ አባቷ፣ በገዛ አፉ ነው። ቃሉን ከማለቱ በፊት ለሙሽራው የሚናገረውን ንግግር ተራ ሲያስከብር፣ ሲተኛ፣ ሲላጭ ያቀነባብረው ነበር። ሽማግሌው ሁሉ ወገቡን ይዞ የሚስቅበት፣ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም ዓይኑን የሚያብስበት ንግግር ነበር። የሰላ ሰው የሚታሰብበት አንድ ቀን ቢኖር ያ ነው ብሎ ነበር።

ዘንድሮ ሱሃይላን የሚጠይቅ መጣ። ልጁ ጂብሪል ይባላል፤ ደራ ላይ መድኃኒት ቤት የከፈተ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ሱሃይላም ትፈልገዋለች። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ሳለ ሽማግሌዎቹ በር ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ኡበይደላ የልጁን አባት አየ። ራህመቶ ነው።

ራህመቶ ፀጉሩ ነጥቷል፤ ከዘራ ይዟል። ሰላምታው ረጅምና ትክክለኛ ነበር፤ ጤናህ እንዴት ነው፣ አልሃምዱሊላህ፣ ቤቱ እንዴት ነው፣ አልሃምዱሊላህ፤ የኡበይደላን መልስ ዘሃራ ትመልስለታለች። ነገሩ ሁሉ አለቀና ቀኑ ተቆረጠ። ከዚያ ራህመቶ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ኡበይደላ ወንድማችን አላህ ያሽረውና፣ ኒካሁን በቃሉ ማሰር እንዳይከብደው አንድ ወኪል ቢያቆም፣ ታናሽ ወንድሙ ከወለንጪቲ ቢመጣ፣ ሸሪዓውም ይፈቅዳል አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሱሃይላ ከጓዳ ሆና እየሰማች ነበር፤ እሷም አባቷ ሰው ፊት እንዳይዋረድ ብላ ይህንኑ ፈልጋው ነበር።

ኡበይደላ ቀና አለ። ተበቀለኝ፣ አለ በሆዱ። ሽንኩርቱን ዛሬ አወረደ። መልሱም ወዲያው መጣለት። እንዲህ ያለ መልስ በጤናውም ጊዜ መጥቶለት አያውቅም፤ ከወገብ በላይ የሚቆርጥ፣ ራህመቶን ከእነ ከዘራው ደራ የሚያደርስ መልስ ነበር። አፉን ከፈተ።

"ወለንጪቲ!" አለ። "ወለንጪቲ፣ ወለንጪቲ! አንድ ሰው!"

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለው ነበር። አንዱ ሽማግሌ "አዎን፣ ወንድሙ ያለው ወለንጪቲ ነው፤ ተስማማ ማለት ነው" አለ፤ ሌሎቹም በዚህ ደስ ብሏቸው ዱዓ አደረጉ። ነገሩ በዚህ ታሰረ።

እንግዶቹ ሲወጡ ኡበይደላ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ዘሃራ እስከ በር ሸኝታ ተመለሰችና አጠገቡ ተቀመጠች። ራህመቶ በር ላይ ቆሞ ከዘራውን ሲነካካ ቆየ አለችው። ከዚያ ያላትን ቃል በቃል ነገረችው። "ያን ምላስ እንዲህ ሆኖ ማየት አልቻልኩም፤ እኔን በቆረጠኝ" ነበር ያለው።

ኡበይደላ አልዞረም። ዘሃራ ግን ጀርባውን ታውቀዋለች፤ ጀርባው ሲሰማ አየች። ሰውየው የደራን ገበያ ሁሉ በጫንቃው ተሸክሞ ኖሮ፣ መጥቶ ያዘነው ለቢላው ነው። ኡበይደላ ያን ሌሊት ስለ ራህመቶ ያሰበውን ያህል በሕይወቱ ስለ ማንም የቆረጠው ሰው አስቦ አያውቅም። ንጋት ላይ አንድ ነገር ወሰነ። ወኪል አያቆምም። ራህመቶን ለማሸነፍ አልነበረም አሁን፤ ልጁን በገዛ አፉ መስጠት ስለፈለገ ብቻ ነው። ይህን ለዘሃራ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ በግራ እጁ ደረቱን እየመታ "እኔ፣ እኔ" ማለት ብቻ ነበር የቻለው። ገባት። ሸሁን ጠየቀች። ሸሁም ቋንቋው ዐረብኛ መሆን የለበትም፣ ረጅምም መሆን የለበትም፣ ነገር ግን ማን ለማን እንደተዳረ ምስክሮቹ በግልጽ ሊሰሙት ይገባል፤ ካልሰሙት ወንድሙ ይላል አሏት።

በመነኸሪያው ጀርባ ያለውን የሙስሊም ሥጋ ቤት የያዘው ገርባ ነው። ገርባ የአርሲ ሰው ነው፤ ከኡበይደላ ጋር ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚተዋወቁ ናቸው፤ ቀልዱን እየሰማ ከማይስቁት ጥቂቶች አንዱ ነበር። ኡበይደላ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው በባጃጅ እየሄደ እሱ ዘንድ መቀመጥ ያዘ። የመረጠውም ስለሚወደው ብቻ አይደለም። ከሚያውቀው ሰው ሁሉ አፉን የማይቀማው ገርባ ብቻ ነበር።

ገርባ ማለዳ ሥጋ ከመምጣቱ በፊት ቢላዎቹን ይስላል። የተሸረፈውን በሞረድ ያስተካክላል፤ ከዚያ መሳያ ድንጋዩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቢላውን በላዩ ያመላልሳል። "አካም ቡልቴ?" ይለዋል ለኡበይደላ፣ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ሲለው፤ ከዚያ ዝም ይላል። ኡበይደላ "ልጄን" ለማለት ይታገላል። ድንጋዩ ሽር፣ ሽር ይላል። "ል..." ይላል፤ ድንጋዩ ሽር ይላል። አንዳንዴ ከአንዱ ቃል እስከ ሌላው አንድ ሙሉ ቢላ ተስሎ ያልቃል። ገርባ ቀና ብሎ አያይም፣ አይረዳም፣ አያዝንም። አንዳንዴ መስመሩ ያመልጥና "አሰላ! አሰላ!" ይወጣል። ያኔ ገርባ ረጋ ብሎ "ይሂድ፤ ሞልቷል" ይላል። ኡበይደላ ይስቃል፤ ስቆ እንደገና ይጀምራል።

አንድ ቀን ኡበይደላ ተናደደ። ቃሉ እምቢ ሲለው አንገቱ ሥር እስኪገተር ድረስ ገፋው። ገርባ ቢላውን አቆመ።

"ቢላ ሲሳል የሚጫን ሰው ስለቱን ያጥፈዋል" አለው። "ቀስ በል። ውሃ ጨምርበት።"

ምራቁን ዋጠ። ቆይቶ "ልጄን" አለ፤ ንጹህ ሆኖ ወጣ።

ሌላ ቀን ደግሞ ገርባ ቢላውን በጥፍሩ እየፈተነ፣ በእኛ አፍ ይህን ስለቱን "ቀራ" ነው የምንለው፤ ነገር የገባውን ብሩህ ሰው ደግሞ "ቀሮ" እንለዋለን አለ። ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ያስባል፤ ማን ያውቃል። "አንተን ግን እስከ ዛሬ ቀሮ ብዬህ አላውቅም" አለና ቢላውን አስቀመጠ። ወዳጅ እንዲህ ይናገራል። ኡበይደላ ራሱን ነቅንቆ ወደ ልምምዱ ተመለሰ።

ያ ረጅም ንግግር ቀስ በቀስ ወደቀ። መጀመሪያ ቀልዶቹ ሄዱ፣ የማይወጡ ናቸውና። ከዚያ ስለ ራሱ ያለው ክፍል ሄደ። ከዚያ ለሙሽራው የሚሰጠው ምክር ሄደ። በመጨረሻ የቀረው ሸሁ ከሚፈልገው በላይ አልነበረም፤ "ልጄን ሱሃይላን ድሬልሃለሁ"። ኡበይደላ ስንት ዘመን ያጠራቀመው ሁሉ በእነዚህ ሦስት ቃላት ውስጥ መግባት ይችላል ብሎ ገምቶ አያውቅም። ሲለማመዳቸው ግን ከበዱበት፤ የከበዱበት በሕመሙ ብቻ አይደለም። "ልጄን" ሲል የተወለደችበትን ማለዳ ያስባል። "ሱሃይላን" ሲል ስሟን ያወጣችላት እናቱ ትዝ ትለዋለች። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይቆማል። ገርባም ይህን አንድ ጊዜም አልጨረሰለትም።

የኒካሁ ቀን ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ የኡበይደላ ሳሎን ሞላ። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተዋል፤ የአዳማ ነፋስ ግን በዚያን ሰዓት የሚያመጣው አቧራ እንጂ ቅዝቃዜ አይደለም፤ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ሙቀቱን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ራስ ያሻግራል። ሴቶቹ ከሱሃይላ ጋር በጓዳው ናቸው፤ በመሀል መጋረጃ ብቻ አለ። ወንድሙ ከወለንጪቲ መጥቶ፣ አዲስ ጀለቢያ ለብሶ፣ ከቀኙ ተቀምጧል። ያስፈልጋል ብሎ ነው የተቀመጠው። ዘሃራ ከመጋረጃው በስተኋላ ቆማ ሙሽራዋን ትታ የባሏን ማጅራት ታያለች።

ሸሁ ጂብሪልን ከኡበይደላ ፊት አስቀመጡት። በሥርዓቱ ቀኝ እጅ ለቀኝ እጅ መጨባበጥ ነው፤ የኡበይደላ ቀኝ እጅ ግን አይጨብጥም። ጂብሪል ዝቅ ብሎ ያንን እጅ በሁለት እጁ አነሳና ያዘው፤ የሚያዝን ሰው አያያዝ ሳይሆን፣ አንድ ነገር የሚቀበል ሰው አያያዝ ነበር። ሸሁ ነጭ ፎጣ ከላይ ጣሉበት። የጋብቻውን ኹጥባ አደረሱ። ከዚያ ወደ ኡበይደላ ዞረው "እንግዲህ፣ ቢስሚላህ ብለህ" አሉት።

ኡበይደላ "ቢስሚላህ" አለ፤ እሱ ከተረፉለት ነውና በቀላሉ ወጣ። ቀጥሎ "ልጄን" አለ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ከዚያ ቆመ።

ዝምታው ረዘመ። አፉ ውስጥ ከሩቅ የሚመጣ ነገር ይሰማዋል፤ ያው የጥንቱ ጥሪ ነው፤ አሰላ ከምላሱ ሥር ተሰልፋ ቆማለች። ከንፈሩን ገጠመ። አንገቱ ላይ ላብ ወረደ። አንዱ ሳል ሳል አደረገው፤ አንዱ ከግድግዳው በኩል "አላህ ያግራለት" አለ። ወንድሙ ይህን አልቻለም፤ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ "ሱ..." ብሎ ጀመረ።

ከወዲያ ማዶ ከዘራ ምንጣፉን መታ። ራህመቶ ነበር።

"ይቆይ" አለ። "ተራው የእሱ ነው።"

ወንድሙ ወደ ኋላ ተመለሰ። በክፍሉ ውስጥ የነበረው የመርዳት ጥድፊያ ሁሉ በረደ። ለኡበይደላ እንደዚህ ያለ ዝምታ፣ ገርባ ዘንድ ካልሆነ በቀር፣ ማንም ሰጥቶት አያውቅም፤ ደግሞም የሰጠው ሰው ማን እንደሆነ ቀና ብሎ አየ። ሁለቱ አባቶች ተያዩ። ኡበይደላ ዓይኑን ወደ ጂብሪል መለሰ። ምራቁን ዋጠ። አልተጫነም።

"ሱሃይላን" አለ።

ማራገቢያው ዞረ።

"ድሬልሃለሁ።"

ምስክሮቹ ሰሙ። ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት ሴቶችም ሰሙ። ጂብሪል "ተቀብያለሁ" ሲል ድምፁ ከአማቱ ድምፅ ይልቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እልልታው ከጓዳ ፈነዳ፤ ሸሁ እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ፤ ገርባ ከበሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ከሌላው ሰው ሁሉ ትንሽ ዘግይቶ አሚን ይል ነበር።

ሰዎቹ ሲበሉ፣ ሲጫወቱ፣ የመነኸሪያ ልጆች ውጭ ጡሩምባ ሲነፉ ቆዩ። ኡበይደላን ሊመርቁ የመጡት ሁሉ አጠገቡ ተቀምጠው ሲናገሩ፣ ከልማዳቸው ውጭ መልሱን ይጠብቁ ነበር፤ ቃል ቢያወጣም ባያወጣም። አንዱ ሹፌር "ጋሼ፣ ይመችዎት አቦ፤ ዛሬ ሁላችንንም ተራ አስያዙን" ብሎት ሄደ። ኡበይደላ ፈገግ አለ። ደክሞታል።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሙሽራዋን ወደ ደራ የሚወስዱት መኪኖች በር ላይ ተደረደሩ። ሱሃይላ ለስንብት ወደ አባቷ ገባች። ዘሃራ ከኋላዋ ናት። ሱሃይላ ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች፤ እሱም ግራ እጁን ራሷ ላይ አደረገ። ሊናገር እንደሆነ አወቀች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ነው፤ አገጩ ትንሽ ወደ ላይ ይነሳል።

"ሂጂ" አለ።

ሱሃይላ ቀሪውን ታውቀው ነበር፤ ወይም የምታውቀው መሰላት። ሂጂ ልጄ፣ አላህ ይከተልሽ፣ ባልሽን አክብሪ፣ ያ ሁሉ የሚባለው ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰልፎ መጣ። ከመጋረጃ ጀርባ የሰማችው ዝምታ ግን አሁንም ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው። ውጭ መኪናው ጡሩምባ ነፋ፤ ዘሃራ በእጇ ቆዩ አለቻቸው። ሱሃይላ አባቷን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ በጉልበቷ እንደተንበረከከች ቆየች፤ እሱም አልቸኮለም፤ በውስጡ የሚጥለውን ሲጥል፣ የሚያስቀረውን ሲያስቀር ያስታውቅበት ነበር።

"ነይ" አለ።

"እሺ አባ" አለች ሱሃይላ።